የፒዲኤፍ ማስተካከያ ከማውረዳችሁ በፊት፦ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቱ

ታናሽ እህቴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። "ሲቪዬ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ቀይርልኝ፣ ነገ ጠዋት ማስገባት አለብኝ።" የወርድ ፋይሉ ጠፍቷል፣ በእጇ ያለው ፒዲኤፉ ብቻ ነው። ምን ችግር አለው ብዬ ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣልኝን ሶፍትዌር አወረድኩና ጫንኩ፣ ቁጥሩን ቀየርኩ፣ ሴቭ አደረግኩ። መልሼ ስከፍተው በየገጹ መሃል ለመሃል የሶፍትዌሩ ስም በትልቁ ተጋድሞበታል። እንዲጠፋ ከፈለግክ ክፈል ይላል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ስለዚህ አንደኛ፣ ነጻ የሚለውን ቃል አትመኑ። ብዙዎቹ እስክትጨርሱ ድረስ ዝም ብለው ሴቭ ስታደርጉ ነው ጉዳቸውን የሚያወጡት። ስትጭኑት መጀመሪያ የማይረባ ፋይል ላይ አንድ ፊደል ቀይሩና ሴቭ አድርጋችሁ እዩት። ለሙከራ የካርድ ቁጥር አስገቡ የሚሉትንማ ጭራሽ እለፏቸው፤ መሰረዙን ከረሳችሁ በወሩ መቁረጥ ይጀምራሉ። ክራክ (ክፍያው በሕገወጥ መንገድ የተሰበረ ሶፍትዌር) ስለማውረድ ብዙ አልልም። ቫይረስ በፈቃዳችሁ መጫን ነው።

ሌላው ስህተት ምን መሥራት እንደፈለጉ ሳያውቁ "ኤዲተር" ብሎ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው ቅጽ መሙላት፣ መፈረም ወይም ሁለት ፋይል ማጋጠም ነው የሚፈልገው። ለዚህ ኤዲተር አያስፈልግም። ፋየርፎክስ ከ2022 ጀምሮ ፒዲኤፍ ላይ ጽሑፍ መጨመርና በእጅ መሳል ያስችላል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። ነጻው አክሮባት ሪደር ያስሞላል፣ ያስፈርማል። ገጽ ለመቁረጥና ለማጋጠም ፒዲኤፍሳም ቤዚክ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፒዲኤፍ 24 አለ። ማክ ያላችሁ ፕሪቪው ይበቃችኋል።

የተጻፈውን ራሱን መቀየር ከፈለጋችሁ ግን ፒዲኤፍን እንደ ወርድ አትዩት። አዶቤ በ1993 ያወጣው ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው እንጂ እንዲታረም አልነበረም። ፋይሉ የሚያውቀው ይህ ፊደል እዚህ ቦታ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ነው። አንቀጽ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ አያውቅም። ለዚህ ነው መሃል ላይ አንድ ቃል ስትጨምሩ ቀጣዩ መስመር የማይገፋው፣ ጽሑፉ ከኅዳጉ ወጥቶ የሚንጠለጠለው። ወርድ ከ2013 ወዲህ ፒዲኤፍ ይከፍታል፣ ግን ወደ ራሱ ፎርማት ለውጦ ነው፤ ሠንጠረዥ ካለበት ይበታተንባችኋል። ነጻው ሊብሬኦፊስም "ድሮው" (Draw) በሚባለው ፕሮግራሙ ይከፍተዋል፣ ለአንድ ሁለት ቃል አይከፋም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዋናውን ፋይል መፈለግ ነው። የእህቴ ሲቪ በመጨረሻ የተገኘው የዛሬ ዓመት ለጓደኛዋ በላከችው ኢሜይል ውስጥ ነው። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስታገል!

አሁን ወደ ዋናው የእኛ ጣጣ እንምጣ። ሶፍትዌርን በእንግሊዝኛ ፋይል ሞክሮ መምረጥ! ግምገማውን የሚጽፉት ሰዎች አማርኛ አይሞክሩበትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፎንቱ (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል) አይገባበትም፣ ሰነዱ ላይ ያሉት ፊደሎች ብቻ ናቸው የሚገቡት። የኪራይ ውል አለ እንበል፣ የተከራዩን ስም ከአበበ ወደ ጴጥሮስ መቀየር ፈለጋችሁ። ሰነዱ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ "ጴ" ከሌለ ፋይሉ ውስጥም የለችም። ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተራችሁ ይፈልጋታል፤ ካላገኛት ባዶ ሳጥን ይተክላል፣ ወይም ከጎረቤቶቿ ጋር የማትመሳሰል ወፍራም "ጴ" ያመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ጫኑ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከዚያ አንድ የአማርኛ ገጽ ላይ ስም ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ወደ ስልካችሁ ልካችሁ እዚያ ክፈቱት። ስልኩ ላይ በትክክል ከታየ ሶፍትዌሩ ይሆናችኋል።

አሮጌ ፋይል ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር ዝርዝር ውስጥ) የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደል ላይ የእኛን ቅርጽ አልብሰው ነው የሚሠሩት፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ቢሮ ለዓመታት ተጠቅሞባቸዋል። ሲታይ ጥሩ አማርኛ ነው፣ ኮፒ ስታደርጉት የላቲንና የምልክት ቅራቅንቦ ይወጣል። ሶፍትዌር እየቀያየራችሁ አትድከሙ፣ ገጹ ትንሽ ከሆነ እንደገና መተየብ ይሻላል።

ስካን የተደረገም እንደዚያው ነው። ፎቶ ስለሆነ ጽሑፉን በማውዝ መምረጥ እንኳን አትችሉም። ከፎቶ ላይ ፊደል የሚያነብ ሶፍትዌር (ኦሲአር ይሉታል) ያስፈልጋል፣ ከመክፈላችሁ በፊት የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ መኖሩን እዩ። ነጻው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። ግን ቃል በቃል አንብባችሁ ካላረማችሁት አትላኩት፣ ተቀራራቢ ፊደሎችን ያምታታል።

ፓስፖርትና የባንክ ወረቀትን ኢንተርኔት ላይ ባሉ "እዚህ ጫንና አስተካክል" የሚሉ ገጾች አትሥሩ። ፋይሉ ወደ ሰው ኮምፒውተር ነው የሚሄደው። ቤታችሁ ባለው ላፕቶፕ የሚሠራ ምረጡ።

ሚስጥር ለመሸፈን ስትፈልጉም ጥቁር ሳጥን መሳል አይበቃም። በ2019 መጀመሪያ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጋዜጠኞች የጠቆረውን ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ላይ ለጠፉት፣ ጽሑፉ ፍንትው ብሎ ወጣ። ጽሑፉን ከሥር የሚሰርዝ መሣሪያ ያለውን ሶፍትዌር ፈልጉ፣ ሸፍናችሁ ስትጨርሱም ጥቁሩን መርጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ምንም ካልወጣ ላኩት።