ጃዝ ለምትጀምሩ ልጆች፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎበዝ ጀማሪ የጃዝ ተጫዋች ሞልቷል። ጣታቸው ፈጣን ነው፤ ያዳምጣሉ፤ ይጠይቃሉ። ግን ብዙዎቹ የሚደናቀፉት በተመሳሳይ ስህተቶች ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ዘፋኝ ማጀብን መናቅ ነው። «እኔ የጃዝ ሰው ነኝ፣ ሰርግ አልሠራም» ይላሉ። ለመሆኑ ከዚህ ውጭ ያደገ ማን ነው? ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ የጀመሩት በክራርና በመሰንቆ ነው። ሳክስፎን ይዘው በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ለዓመታት ሠሩ። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮሁት እንዲህ አድገው ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋሽ ኃይሉ መርጊያም ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ለዳንሰኛ ይጫወቱ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰዉ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። በአንድ ሌሊት ስንት ዓይነት ዘፈን እንደሚያስፈልግ አስቡት። ማጀብ ቦታ መልቀቅን ያስተምራል። ዘፋኟ ጉንፋን ይዟት «ዛሬ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉልኝ» ስትል፣ የዘፈኑን ኪ (ዜማው የሚነሣበትን ድምፅ) አውቆ ወደፈለገው የሚያዛውርና በጣት ልማድ ብቻ የሚጫወት ያኔ ይለያሉ። ይህን ደግሞ ቤት ተቀምጦ ከስልክ ላይ መማር አይቻልም። እባካችሁ፣ ሰርግ ስትጠሩ ሂዱ!

ሁለተኛው ቅኝትን (የዜማችንን ባለ አምስት ድምፅ መሠረት) እንደ ተራ ስኬል፣ ማለትም እንደ ድምፆች መሰላል ብቻ ማየት ነው። በቅርቡ አንዲት ዘፋኝ ልምምድ ላይ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን፣ ከሲ የተነሣ አምባሰልን እያዜመች ነበር፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ፒያኖ ላይ ያለው ልጅ ሲ ማይነር ሰቨን የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ቢ ፍላት) አስገባ። ኮርዱ ብቻውን ያምራል፤ ግን ኢ ፍላትና ቢ ፍላት አምባሰል ውስጥ የሉም። ልጅቷ ዜማው ጠፋባትና አቆመች። ኮርድ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄም ባለ 5 ድምፅ ዜማን ከምዕራባውያን ባለ 12 ድምፅ ሃርሞኒ (የድምፆች ቅንጅት) ጋር አጋብተዋል። ግን ዜማው ጠባዩን እንዳያጣ ተጠንቅቀው ነው። መጀመሪያ ቅኝቱን ዝፈኑት። አራቱን ቅኝቶች ያለ መሣሪያ በአፋችሁ ማዜም ካቃታችሁ፣ ኮርድ መደራረቡ ይቆይ።

ጋሽ ሙላቱን ካነሣን አይቀር፣ «እሳቸውም ውጭ ሄደው ነው የተሳካላቸው» የምትሉ አላችሁ። ጅማ ተወልደው ምሕንድስና ሊማሩ ዌልስ ሄዱ፤ ሙዚቃውን ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ። እውነት ነው። ግን በርክሊ የገባ ሁሉ ኢትዮ ጃዝ ይዞ አልወጣም። ቪዛ እስኪመጣ ልምምድ የሚያቆም ልጅ ሳይ ያሳዝነኛል።

ሶሎ (ብቻ የሚጫወቱበትን ተራ) ማርዘም፦ ሁለት ዙር ይበቃል፤ ቀጥሎ ያለው ልጅም ተራውን እየጠበቀ ነው።

ልምምድ ላይ ማርፈድ፦ ስለዚህ የምለው የለኝም፤ አታርፍዱ።

«ዘግይቻለሁ» ብሎ መተውም ስህተት ነው። ሳሙኤል ይርጋ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከተለያዩ ባንዶች ጋር ተጫወተ፤ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር «ጉዞ» የተሰኘ አልበሙን አወጣ። እናንተ የ20 ዓመት ልጆች ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላችሁ አለቀልን ትሉኛላችሁ።

ሥራ ሲጠፋ መሣሪያ መስቀልም አለ። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። የቆዩ ቅጂዎቻቸው በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንደገና ታትመው ዓለም ሲፈልጋቸው ጣታቸው አልዛገም።

ክፍያ ሳይነጋገሩ መድረክ መውጣት የመጨረሻው ነው። ስንት እንደሚከፈል፣ መቼ፣ ትራንስፖርቱ በማን እንደሆነ ከመጫወታችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን፤ በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን። ባንድ የምትመሩ ከሆነ ደግሞ የድራመሩን ድርሻ «ነገ» አትበሉ፤ እዚያው ማታውኑ ስጡት።