በተርሚናል የሚሠራው ስክሪፕት በብራውዘር ለምን ይከሽፋል?

ደብረ ማርቆስ ላለ የእህል ነጋዴ የጤፍ ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠርታችኋል እንበል። በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ስክሪፕት በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ እንከን የለውም፤ በብራውዘር ሲከፈት ግን መሀል ላይ ይቆማል፣ ወይም ሰዓቱ ይዛባል። ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። ኮዱ አንድ ቢሆንም የሚነበበው የቅንብር ፋይል ሁለት ነው፤ አንዱ ለተርሚናሉ፣ ሌላው ድረ ገጹን ለሚያቀርበው ሰርቨር።

በተርሚናል «ፒኤችፒ» ብላችሁ ክፍተት ተዉና ሁለት ሰረዝ አስቀድማችሁ «አይኤንአይ» ጻፉ፤ የሚነበበውን ፋይል አድራሻ ያሳያችኋል። ለብራውዘሩ «ፒኤችፒ ኢንፎ» የሚለውን ፈንክሽን ብቻ የያዘ ፋይል ክፈቱ። በኡቡንቱ፣ በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዓይነት፣ የተርሚናሉ ፋይል «ሲኤልአይ»፣ የሰርቨሩ ደግሞ «አፓቺ 2» (በድር ሰርቨሩ ስም) ወይም «ኤፍፒኤም» (ለሰርቨሩ ፒኤችፒን በሚያስኬደው አገልግሎት ስም) በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የስሪት ቁጥሩንም አስተያዩ፤ ተርሚናሉ 8.3፣ ሰርቨሩ 8.1 ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ስትጨርሱ የሙከራ ፋይሉን አጥፉት፤ የሰርቨሩን ገመና ለአላፊ አግዳሚው ይዘረግፋል።

ሁለቱን የቅንብር ፋይሎች የልዩነት መስመሮችን በሚያወጣው በ«ዲፍ» ትእዛዝ አነጻጽሩ፤ በዓይን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ተርሚናሉ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ለድር የተለመደው 30 ሰከንድ ጊዜና 128 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ነው። ብዙዎች የድሩንም ገደብ ያነሱታል፤ እኔ አልስማማም። ከባድ ሥራ በተርሚናል በኩል፣ ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት በሚያስኬደው በ«ክሮን» ይሠራ።

የሰዓት ቀጠናው ተንኮለኛ ነው። በአንደኛው ፋይል «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ተብሎ ሌላው ባዶ ከሆነ፣ ፒኤችፒ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይወስዳልና ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ቀን ላይ ልዩነቱ ላይስተዋል ይችላል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ዋጋ ግን በትናንት ቀን ይገባል፤ ነጋዴውም የዛሬውን ዋጋ ሲፈልግ ያጣዋል።

ቅንብሩን ካስተካከላችሁ በኋላ አፓቺን፣ ኤፍፒኤም ካላችሁም እሱን፣ እንደገና አስጀምሩ። ተርሚናሉ በየጊዜው አዲስ ያነባል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ያነበበውን ይዞ ይቀጥላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ «በራሱ ተስተካከለ» የሚባለው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አሁንም እምቢ ካለ የተጠቃሚው ፈቃድ ይታይ። ሰርቨሩ የሚሠራው በእናንተ ስም ሳይሆን በኡቡንቱ «ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ዳታ» በሚባል ተጠቃሚ ነው። ትእዛዝን በሌላ ተጠቃሚ ስም በሚያስኬደው በ«ሱዱ» የእሱን ስም ሰጥታችሁ ስክሪፕቱን በተርሚናል አስኪዱት፤ ፋይል የመክፈት ፈቃድ ከሌለው ስህተቱ እዚያው ይወጣል።