ኮርሱን ከመቅረጻችሁ በፊት ሽጡት
የቴሌግራም ቻናላችሁ ተከታዮች 200 ያህል ብቻ ከሆኑ የኦንላይን ኮርሳችሁን ቪዲዮ አስቀድማችሁ አትቅረጹ። መጀመሪያ የትምህርቱን ይዘት፣ ቀኑንና ዋጋውን ለጥፉ፤ ፍላጎት ላሳየ ሰው ሁሉ በግል ጻፉለትና ምን መሥራት መቻል እንደሚፈልግ ጠይቁት። ክፍያውን በቴሌብር ተቀብላችሁ በዝግ ግሩፕ በቀጥታ አስተምሩ፤ ተማሪዎቹን አስፈቅዳችሁም ቅረጹት።

ተከታይ ሲበዛ ከእያንዳንዱ ጋር መነጋገር አይቻልም፤ ሲያንስ ግን ይቻላል፣ ትልቁ ጉልበታችሁም እሱ ነው። ኤክሴል ልታስተምሩ አስባችሁ ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ባለሱቆች ቢሆኑ፣ ከደመወዝ ሠንጠረዥ ይልቅ በዕቃ መዝገብ ትጀምራላችሁ። ገዢ ከጠፋም የወራት ድካም አይባክንም።

ዝቅተኛውን የተማሪ ቁጥር ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ካልሞላ ገንዘቡን ወዲያውኑ መልሱ። መመለስ የማትችሉ ከሆነ ግን ቅድመ ክፍያ ፈጽሞ አትቀበሉ።