ፋይሉ አለ፣ ቢዚቦክስ ግን «የለም» ይላል፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ብሩስ ፔረንስ ቢዚቦክስን፣ ብዙ የሊኑክስ ኮማንዶችን አንድ ፋይል ውስጥ የያዘውን ፕሮግራም፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው የዴቢያን ማስነሻና ማዳኛ መሣሪያ አንድ ፍሎፒ ላይ እንዲገባለት ፈልጎ ነው። ዛሬ ራውተር ውስጥም፣ አልፓይን ሊኑክስ ላይም፣ ኮንቴይነር ውስጥም የምታገኙት እሱን ነው። ፍሎፒ ላይ እንዲገባ የተሠራ ነገር ታዲያ ወሬ አያበዛም። ኤረሩ አይዋሽም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

(ኮማንዶቹን እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደላቸው ናቸው።)

ስክሪፕቱ እዚያው ተቀምጦ «ኖት ፋውንድ» ይላል

ሰው የሚያደክመው ይሄኛው ነው። ኤልኤስ ስትሉ ፋይሉ አለ። ስታስነሱት የለም ይላችኋል። የጠፋው ስክሪፕቱ ሳይሆን ስክሪፕቱ የሚጠራው ሌላ ፋይል ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው።

መጀመሪያ የስክሪፕቱን የላይኛውን መስመር እዩት። /ቢን/ባሽ ይላል? አልፓይን ላይ ባሽ አብሮ አይመጣም፤ ያለው አሽ የሚባለው የቢዚቦክስ ሼል (ኮማንድና ስክሪፕት የሚያነበው ፕሮግራም) ነው። መስመሩን ወደ /ቢን/ኤስኤች ቀይሩት። ስክሪፕቱ ያለ ባሽ የማይሆንለት ከሆነ ደግሞ ባሽን በአልፓይን ፕሮግራም መጫኛ፣ በኤፒኬ፣ ጫኑ።

መስመሩ ደህና ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ የማትታይ ባይት ይጨምራል። ስለዚህ ሲስተሙ የሚፈልገው ኤስኤችን ሳይሆን «ኤስኤችና ያቺ ባይት» የሚባል ፋይል ነው። እንደዚያ የሚባል ፋይል ደግሞ የለም። እኔ በዚህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ጨርሻለሁ። ፋይሉን እየሰረዝኩ እንደገና እገለብጣለሁ፤ ባይቷም ከነነፍሷ አብራ ትመጣለች። ለማጣራት ሄድ -ኤን 1 ብላችሁ ውጤቱን በፓይፕ ለሄክስደምፕ -ሲ ስጡት። ከ0ኤ በፊት 0ዲ ካያችሁ ተይዛለች። ዶስ2ዩኒክስ የሚባለው ማስተካከያ እዚያው ቢዚቦክስ ውስጥ አለ። የፋይሉን ስም ስጡት፣ በቃ።

ሦስተኛው፣ ፋይሉ ስክሪፕት ሳይሆን የተገነባ ፕሮግራም ሲሆን ነው። አብዛኛው የሊኑክስ ፕሮግራም የሚገነባው ጂሊብሲ የሚባለውን የሲ ላይብረሪ ታሳቢ አድርጎ ነው። አልፓይን ግን መስል በሚባል ሌላ የሲ ላይብረሪ ነው የሚሠራው፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው ሎደር (ላይብረሪውን የሚጭንለት ፋይል) እዚያ የለም። ወይ ስታቲክ አድርጋችሁ (ላይብረሪውን እዚያው ውስጡ አስገብታችሁ) እንደገና ገንቡት፣ ወይ ለመስል የተገነባውን ፈልጉ።

«ሲንታክስ ኤረር»፣ ቀጥሎ የቅንፍ ምልክት

አንድ መልእክት፣ ሁለት በሽታ። የትኛው እንደያዛችሁ የሚለየው ያስነሳችሁት ነገር ነው።

ስክሪፕት ከሆነ፣ የሆነ መስመር ላይ በቅንፍ የተጻፈ አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) አለ። አሬይ የባሽ ነው፤ አሽ አያውቀውም። «ሴት --» ብላችሁ እሴቶቹን ብትደረድሩ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ በዶላር ምልክት ትጠሯቸዋላችሁ። ያለችው ዝርዝር ይቺ አንዷ ብቻ ናት፤ ለአብዛኛው ሥራ ግን ትበቃለች።

ያስነሳችሁት ፕሮግራም ከሆነስ? ይሄኛው ያስቃል። ለሌላ ፕሮሰሰር የተገነባ ፋይል ስትሰጡት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አልቀበልም ይላል። አሽ ደግሞ «እንግዲያው ስክሪፕት ይሆናል» ብሎ ማሽን ኮዱን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሆነ ቅንፍ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ዩኔም -ኤም ማሽናችሁ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ፋይሉን ለማወቅ ደግሞ በሄክስደምፕ -ሲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እዩ። መነሻው 7ኤፍ 45 4ሲ 46 መሆን አለበት። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ ሦስተኛዋን ባይት ፈልጉ። 3ኢ ከሆነች የ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ነው፣ ቢ7 ከሆነች የ64 ቢት አርም፣ 28 ከሆነች የ32 ቢት አርም። ካልገጠመ መፍትሄው አንድ ነው፦ ትክክለኛውን ማውረድ።

«አፕሌት ኖት ፋውንድ»

ቢዚቦክስ አንድ ፋይል ነው፤ አፕሌት የሚለው ውስጡ ያሉትን ኮማንዶች ነው። ምን መሥራት እንዳለበት የሚያውቀው በተጠራበት ስም ነው። ኤልኤስ የሚል ሊንክ ከጠራው ኤልኤስ ይሆናል። ለማሳጠር ብላችሁ ፋይሉን «ቢቢ» ካላችሁት ቢቢ የሚባል ኮማንድ ውስጡ ይፈልጋል፣ ያጣል። ስሙን መልሱለት። ስሙ ትክክል ከሆነ ደግሞ ኮማንዱ ሲገነባ አልተካተተም ማለት ነው። ቢዚቦክስ --ሊስት ያለውን ሁሉ ይዘረዝርላችኋል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አትድከሙ፤ ያካተተውን ፈልጉ ወይም ራሳችሁ ገንቡ።

ኦፕሽኑን አላውቀውም ሲል

እዚህ ጥፋቱ የልማዳችን ነው። ሁላችንም የተማርነው በትልልቆቹ ሊኑክሶች ላይ ባሉት የጂኤንዩ ኮማንዶች ስለሆነ የነሱ ጭማሪ ሁሉ መደበኛ ይመስለናል። ግሬፕ በትልቁ ፒ ቢዚቦክስ ላይ የለም። በትልቁ ኢ ተጠቀሙና ቁጥር የምትፈልጉበትን ቦታ [0-9] ብላችሁ ጻፉት። ዴት -ዲም «የስተርደይ» ቢሉት አይገባውም። አሁን ያለውን ሰዓት በዴት +%ኤስ (ትንሹ ኤስ) በሴኮንድ ውሰዱ፣ 86400 ቀንሱ፣ ውጤቱን ከፊቱ @ አድርጋችሁ ለዴት -ዲ ስጡት። ትናንትን ያገኘዋል።

ሰድ -አይ ቢዚቦክስ ላይ ይሠራል። ግን ፖዚክስ (የዩኒክስ ኮማንዶች የጋራ ደረጃ) ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ከቢዚቦክስም ያነሱ ስብስቦች ላይ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑበት። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ውጤቱን በ > ምልክት ወደዚያው ፋይል ይመልሳል። ፋይሉ ባዶ ይሆናል፤ ሰድ ማንበብ ሳይጀምር ሼሉ ፋይሉን ከፍቶ አጥቦታል። ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጻፉና በኤምቪ ተኩት። ያስተካከላችሁት ስክሪፕት ከነበረ ግን አዲሱ ፋይል የመነሳት ፈቃድ የለውም። ስታስነሱት «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካላችሁ አትደንግጡ፤ ሲኤችሞድ +ኤክስ በሉት።