ያገለገለ የጀልባ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ስትገዙ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ትንሽ የሸራ ጀልባ ያለን ሰዎች ጀልባችን ላንጋኖ ወይም ባቦጋያ ታድራለች። ሞተሯን የምንፈልገው ግን አዲስ አበባ ነው። ሻጩም፣ ደላላውም፣ ሜካኒኩም፣ መለዋወጫውም እዚህ ነው። እዚህ የሌለው ሐይቁ ነው። ስለዚህ ሞተሩን የምናየው ለገሃር አካባቢ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተደግፎ፣ ወይም መርካቶ አንድ ሱቅ ጥግ ላስቲክ ለብሶ ነው። ውሃ ላይ ሳናየው ገንዘብ እንድንከፍል እንጠየቃለን።

ለራሴም ለጓደኞቼም ሞተር ስፈልግ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ጮክ ብሎ የሚያስደነግጠን ችግር ብዙ ጊዜ በትንሽ ብር ይስተካከላል። ኪስ የሚያራቁተው ድምፅ የሌለው ችግር ነው። ከታች ያለውን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉና «ወንድሜ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት መዳፋችሁን ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው። የሞቀ ሞተር ማንንም አያሳፍርም፤ እውነቱ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። አትቆጡ። «ሻይ ጠጥቼ ልመለስ» ብላችሁ ሰዓት ሰዓት ተኩል ስጡት።

200 ሊትር የሚይዝ፣ አናቱ የተቆረጠ በርሜልም ያስፈልጋል። ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ በደንብ መሸፈን አለበት። ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ አስቀምጡትና ሞተሩን በዜሮ ማርሽ አስነሱት። ጭሱ መርዝ ስለሆነ በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታድርጉት። ውሃ ሳይኖር ግን ለአፍታም ቢሆን አታስነሱ። ሻጩ «ትንሽ ብቻ ላሰማህ» ቢላችሁም እምቢ በሉ። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ምልክት፦ ሞተሩ ውሃ አይሸናም

የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። እግሩ (ውሃ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ክፍል) ውስጥ ያለ ትንሽ ፓምፕ የሐይቁን ውሃ እየሳበ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ውሃ ጥቂቱ በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ወደ ውጭ ይፈሳል። «ይሸናል» የምንለው እሱን ነው። ከተነሳ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ ምንም ካልወጣ ቶሎ አጥፉት።

መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ቀዳዳዋን ራሷን ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሻጩ «ዛሬ ነው እንዲህ የሆነው» እያለ ሲምል ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አስገባሁ። የደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ወጣ። ጭቃው መሃል የነፍሳት ቅርፊት ነበር። ተርብ ቤቷን ሠርታበት ኖሯል። እንደገና ስናስነሳው ውሃው ዘልሎ የግቢውን ግንብ መታ። ሰውየው ከኔ በላይ ደስ አለው።

ሽቦው ምንም ካላመጣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኢምፔለሩ ነው። ይህ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከር፣ ቅጠል ቅጠል ያለው ላስቲክ ነው። ውሃ ከሌለ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ይቆራረጣል። እግሩ ተፈትቶ ስታዩት ቅጠሎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ከቀሩና በጣታችሁ አቅንታችሁ ስትለቋቸው ተመልሰው ከተኙ አርጅቷል። አንዱ ቅጠል ከጎደለ ደግሞ የጎደለችውን ቁራጭ ፈልጉ። ወደ ላይ ተስባ የውሃውን መንገድ ወይም ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ዘግታ ትቀመጣለች። አዲስ ኢምፔለር ገጥማችሁም ሞተሩ የሚግለው በዚች ቁራጭ ነው።

ኢምፔለር በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚቀየር ዕቃ ነው። ስለዚህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ግዢውን መተዊያ ምክንያት አይደለም። ግን ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉንና የሴሪ ቁጥሩን ሞተሩ ጀልባው ላይ ከሚታሰርበት መያዣ ጎን ካለችው ሳህን ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ሶማሌ ተራ ወይም ከውጭ የሚያመጣ ሰው ጋ ይዛችሁ ጠይቁ። ላስቲኩ የማይገኝለት ሞተር የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ። በዚያው ቁጥሩ ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ሰነዱ) ጋር መግጠሙንም እዩ።

ሦስተኛው መንስኤ ጨው ነው፤ ይህኛው ድምፅ የለውም። ብዙ ያገለገሉ ሞተሮች ባሕር ላይ ሠርተው የመጡ ናቸው። በደንብ ካልታጠቡ ጨው ውስጣቸው ይጋገራል። ከላይ ቀለም ስለሚቀባ አይታይም። የቴስታታውንና የቴርሞስታቱን ብሎኖች ዙሪያ እዩ። ነጭ ዱቄት ካወጡ፣ ወይም የብሎኑ አናት ተበልቶ ቁልፍ የማይዝ ከሆነ አትግዙ። አንዱ ብሎን ተሰብሮ ውስጥ ሲቀር ቶርኖ ቤት የምትከፍሉት ይበዛል። አንዱን ስታወጡ ሌላው ይሰበራል።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል

እዚህ ላይ ከተማችንን ማወቅ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የተሠራው ለጠረፍ ስለሆነ ቤንዚኑን እንደዚያው ይለቃል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ጭሱም ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ብዙ ደህና ሞተር እዚህ ታይቶ «የሞተ ነው» ተብሏል።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አጽዱና እንደገና ሞክሩ። ቾኩ (ሲነሳ አየር የሚያሳንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ ውጭ እዚህ ብዙ አትነካኩት። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ሲወርድ ራሱ ይሻሻላል። ሜካኒኩ አዲስ አበባ ላይ ጥርት ብሎ እንዲሠራ ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ካጠበበው ሐይቁ ላይ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑን ይጎዳል። ጄት የሚቀየር ከሆነ ለሐይቁ ከፍታ ይሁን። ቀዳዳውን በሽቦ ማስፋት ወይም በብየዳ ማጥበብ የሚባለውን ነገር አትስሙ።

ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲነሳ ትንሽ ቢያጨስ ጤናው ነው። ዘይቱ ለብቻው የሚቀመጥበት ባለ አራት ምት ሞተር ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት እየበላ ነው። ሻጩን «ዘይት ይቀላቀልበታል ወይ? ስንት በስንት?» ብላችሁ ጠይቁት። በብዙዎቹ ዘመናዊ ባለ ሁለት ምቶች 50 ለ1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ሻጩ መልሱን ካላወቀ እስከ ዛሬ ምን ሲጨምርበት እንደኖረ አስቡት።

ምልክት፦ የማስነሻ ገመዱ ያለ ምንም ትግል ይሳባል

ገመዱ እንደ ቅቤ ከመጣ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ወርዶ ይሆናል። በመለኪያ አስለኩት። ግን እዚህም የአየሩን ነገር አትርሱ። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ቁጥር የጠረፍ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ 100 ቢልና እናንተ 75 ብታገኙ ሞተሩን አታሙት። ሁለት ሲሊንደር ካለው ይበልጥ የሚያስጨንቀው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ችግር አለ።

ባለ አራት ምት ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ጓርኒሲዮን ይቀየራል። ፋሻና ሲሊንደር ከሆነ ግን ለአንድ ትንሽ ሞተር የሚወጣው ወጪ ሞተሩን ራሱን ያህላል፤ ተዉት።

ምልክት፦ የማርሽ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል

ይህን ምልክት ካልፈለጋችሁት አታዩትም። ሞተሩ ምንም ሳይሰማው ይሠራል። ስለዚህ እኔ ሞተሩን ሳላስነሳ በፊት የማየው ይህንን ነው።

ከእግሩ በታች፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ አንድ ብሎን አለች። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካደረ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ብሎኗን በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉና ከሥሯ ነጭ ሳህን ያዙ። አንድ ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ ያየሁት ሞተር ላይ መጀመሪያ የወጣው ዘይት ሳይሆን ጥርት ያለ ውሃ ነበር፤ አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል። ከዚያ ወፍራም፣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተከተለ። በጣቴ ሳሸው አሸዋ አሸዋ አለኝ፤ የተፈጨ ብረት ነበር። ያ ሞተር በመጀመሪያ መጎተት ተነስቶ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ጓደኛዬ ቀብድ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከቶ ነበር።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የፕሮፔለሩ ዘንግ ኦይል ሲል (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት) ነው። ሐይቆቻችን ላይ ደግሞ የዓሣ መረብ ክር ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ኦይል ሲሉን ይቆርጠዋል። ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ ከኋላው ክር ካለ አውጡት። ዘይቱ ወተት መስሎ ብረት ከሌለው ኦይል ሲሉ ተቀይሮ፣ አዲስ የማርሽ ዘይት ተሞልቶ ይድናል። ብረት ካለበት ማርሹና ኩሽኔታው ተበልተዋል። እሱን መጠገን አዋጪ አይደለም። ሻጩ «ብሎኗ አትከፈትም» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እየተንተፋተፈ ይጠፋል

ይህ ሰውን ያስደነግጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ወጪ ይስተካከላል። የታንከሩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ብሎን አለች። ከተዘጋች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ክፈቷት። ከዚያ የቤንዚን ጎማው ተሰንጥቆ አየር እንዳይስብ እዩ። ወራት የቆየ ቤንዚን ከሆነ ድፉት፣ የካርቡሬተሩን ሳህን አውርዳችሁ አጽዱ። ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ካንዴላ ከመፍታታችሁ በፊት ቀይዋ የማጥፊያ ገመድ ቦታዋ ላይ መሰካቷን አረጋግጡ።

ሞተሩ ጮኾ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ የፕሮፔለሯ ፒን ተቆርጣለች፤ ወይም የፕሮፔለሩ የውስጥ ላስቲክ ተላቋል። ፒኗ ማርሹን ለማዳን ሆን ተብላ እንድትሰበር የተሠራች ናት። በሚስማር አትተኳት፤ ትክክለኛዋን ሁለት ሦስት ይዛችሁ ውጡ።

ምልክት፦ ማዕበል ሲመጣ ፕሮፔለሩ አየር ይበላል

ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ግን የተገዛው ለሌላ ጀልባ ነው። አዲስ አበባ ብዙ የሚገኘው አጭር እግር ያለው፣ ለጎማና ለዓሣ ማስገሪያ ጀልባ የሚሆነው ነው። የሸራ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ከፍ ያለ ነው። አንድ ሰው መልሕቅ ሊጥል ወደ ፊት ሲሄድ ደግሞ ኋላው ይነሳል። ፕሮፔለሩ ከውሃ ወጥቶ ይጮኻል፤ የሚገፋን ነገር በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት የለም።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከመያዣው መቀመጫ እስከ ጠፍጣፋው ክንፍ ለኩ። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ 51፣ በጣም ረጅሙ 63 ይመጣል። ለትንሽ የሸራ ጀልባ ቢያንስ ረጅሙ ይሁን። አጭሩን በሚወርድ መያዣ ላይ መስቀል ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። ለላንጋኖ የከሰዓት ነፋስ አይበቃም።

ስለ ጉልበቱ ደግሞ ትልቅ አትመኙ። ለ1 ቶን 4 የፈረስ ጉልበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ሰው ጭምር 700 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ 3 ይበቃዋል ማለት ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ላንጋኖ ላይ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ያዙ። ውሃው ላይ 5 ሜትር የሚረዝም የሸራ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የራሱ ማዕበል ይይዘዋል። ባለ 15 ብትሰቅሉበት የምታተርፉት ኋላዋ የሰጠመ ጀልባ ነው።

ምልክት፦ እዚህ ደህና ነበር፣ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገመዱ አልጎተት አለ

ባለ አራት ምት ሞተር መኪና ውስጥ በተሳሳተ ጎኑ ከተኛ ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን እስክታልፉ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አትታገሉት፤ በጉልበት የተጎተተ ሞተር የፒስተኑ ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል። ካንዴላውን ፍቱ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኑና ገመዱን በቀስታ ሳቡ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ይወጣል። ካንዴላውን ጠርጋችሁ መልሱ፣ የዘይቱን መጠን አስተካክሉ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አስነሱ። ለጥቂት ደቂቃ ክፉኛ ያጨሳል፣ ከዚያ ይጠራል። ለመልሱ ጉዞ የትኛው ጎኑ ወደ ታች እንደሚሆን አካሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት ይነግራችኋል። ምልክቱ ተልጦ ከሆነ ሁለት ሰው ይዞት ቀጥ ብሎ ይመለስ።