ከሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መውጣት ለምትፈልግ፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገርህ

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል ጣና ሐይቅ ዳር ከአንድ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ብዙ ካወራን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ግን እንዴት ወጣህ?» አለኝ። ጥያቄው ልቡ ውስጥ ሲመላለስ እንደከረመ ያስታውቃል። ለሱ የነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፤ እንደሱ የጨነቀው ሌላ ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ደብተር ያዝ። ያላመንከውን ለብቻ፣ ያልተስማማህበትን ለብቻ ጻፍ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መጽሐፈ ሞርሞንን መጠራጠር አንድ ነገር ነው፣ ሕሊናህ እንቢ ያለው ትምህርት ደግሞ ሌላ።

እኔን ሁለቱም ያዙኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ ክህነት እንደማይሰጠው ያወቅኩት ከተጠመቅኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ አበሻው! ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችውን መመሪያ አነበብኩ። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የፈጸመ አባል ከሃዲ ተባለ፣ አብረውት የሚኖሩ ልጆቹም 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጠመቁ ተከለከሉ። መመሪያው በመገለጥ የመጣ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2019 ተሻረ። ጋብቻው ግን ዛሬም ከባድ ኃጢአት ነው፤ ስሜቱ ኃጢአት አይደለም፣ ድርጊቱ ነው ይላሉ። እና አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያለ ፍቅር ይኑር ማለት ነው?

ይህ ለኔ የወረቀት ክርክር አልነበረም። አብሮኝ የሚያገለግል ጓደኛ ነበረኝ፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እሑድ ቁርባን ሲያዞር የዳቦው ሳህን እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ሌላው ሰው ብርድ ይመስለው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ቤተሰብ በተሰበከ ቁጥር ዓይኔ ሳህኑ ላይ ይሄድ ጀመር።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ዝም ብሎ መቅረት ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ስምህ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። እንዲሰረዝ ከፈለግህ ለኤጲስ ቆጶስህ፣ ማለትም ለአጥቢያህ መሪ፣ ወይም አጥቢያህ ገና ትንሽ «ቅርንጫፍ» ከሆነ ለፕሬዚዳንቱ፣ ፈርመህ ትጽፋለህ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ካወቅከው የአባልነት ቁጥር። «ስሜ ከአባልነት መዝገብ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ» በል፣ አለቀ። ከ18 ዓመት በታች ከሆንክ የወላጅ ፊርማም ይፈልጋል። ኮፒውን አስቀር።

እዚህ ላይ በጣም አስምርበታለሁ፦ ምክንያትህን አትጻፍ። እኔ የመጀመሪያውን አራት ገጽ ጽፌ፣ ጓደኛዬንም አንስቼ፣ ጠዋት ሳነበው ደንግጬ ቀደድኩት። አገራችን ውስጥ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። ያንተንም የሌላውንም ሰው ምስጢር በወረቀት ለማን እንደሚደርስ ሳታውቅ አትላክ። ስልክህንም ቆልፍ፣ የቆየ መልእክት አጥፋ። ቢጠሩህ «ወስኛለሁ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል። ማስረዳት ግዴታህ አይደለም።

ስምህ ሲሰረዝ ጥምቀቱም፣ ክህነቱም፣ የቤተ መቅደሱም ሥርዓት አብሮ ይሰረዛል። ልመለስ ብትል እንደገና መጠመቅ አለብህ። ስለዚህ በንዴት አታድርገው። አሜሪካ የቤተ ክርስቲያኗ በሆነው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ከሆነ ደግሞ አባልነትህን ከተውክ የመማር ፈቃድህንም ታጣለህ፤ መጀመሪያ ትምህርትህን አስብበት።

ቤተሰብ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ከደብዳቤው የሚከብደው እሱ ነው። ባሕር ዳር ላይ የአብዛኞቻችን ቤት ኦርቶዶክስ ነው። ወጣሁ ስትል ተመለሰ ብለው እልል ይላሉ። የንስሐ አባት ይጠራል፣ ከእምነቱ ወጥቶ ለተመለሰ የሚደረገውን ቄደር ትጠመቅ ይባላል። ደስታቸውን አትናቅ፣ ግን ያልወሰንከውን ወስኛለሁ ብለህ አትዋሻቸው። በተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ጉዳይ ደግሞ የነሱም ትምህርት ከወጣህበት የሚለይ አይደለም። ያስወጣህ ሕሊናህ ከሆነ ከአንዱ በር ወጥተህ ወደ ሌላው በር በሩጫ አትግባ። «እማዬ፣ ጊዜ ስጪኝ» በላት። እናት እንዲህ ሲሏት ይገባታል።

የኔ እናት ስጠመቅ ያስቀየማት ሌላው ሁሉ ሳይሆን ቡናው ነበር። ሞርሞኖች «የጥበብ ቃል» በሚሉት የጤና ሕጋቸው ቡናም ሻይም ክልክል ነው። የዘጌ ቡና ቆልታ፣ ጭሱን ወደኔ እያራገበች፣ «ከቡናዬ የሚያጣላህ ምን ዓይነት ጌታ ነው?» ትለኝ ነበር። ደብዳቤውን ባስገባሁ ማግስት ምንም ሳልነግራት አንድ ሲኒ ተቀበልኳት። እጇ ላይ ትንሽ ፈሰሰባት። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ዝም ብላ ቀዳችልኝ።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው። ሦስት አራት ወር ይህ ሰዓት ያስለቅስሃል፣ እውነቴን ነው። መዝሙሩ፣ ሰላምታው፣ ታመህ እንደሆነ የሚጠይቅህ ሰው በአንድ ጊዜ ይቀራል። ለዚያ ሰዓት ሥራ ፈልግለት። እኔ በማለዳ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየሁ በሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። ከአባላቱ ውስጥ የምትወዳቸውን ደግሞ አትራቅ፣ እነሱ ክፉ ስላደረጉብህ አይደለም የወጣኸው። ሚስዮናውያኑ ቤትህ ቢመጡ ውኃ ስጣቸው፣ አብዛኞቹ ከእናታቸው የራቁ ልጆች ናቸው። ስለ ሃይማኖት ካነሱ «ዛሬ አይደለም» በላቸውና እስከ በሩ ሸኛቸው።