እምቦጭ ስንነቅል ደንገሉን አብረን እንዳናጠፋ

ጣና ሐይቅ ዳር እምቦጭ የተባለውን ተንሳፋፊ አረም ሊነቅል የሚወጣው ሰው ጉልበት አልጎደለውም። የሚጎድለው ሌላ ነው። ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች አሉ።

አንደኛው፣ ውሃ ዳር የበቀለውን ሁሉ አረም ማለት ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተሰማው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ደንገል (ፓፒረስ የሚባለው የውሃ ዳር ተክል) ግን የቤት ልጅ ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከእሱ ነው። ከማሳ በጎርፍ የሚመጣውን ደለል ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ ያስቀረዋል፤ ለዓሣና ለወፍም መጠለያ ነው። ሁለቱን መለየት አይከብድም። እምቦጭ ይንሳፈፋል፤ የቅጠሉ አንገት ያበጠ ነው፣ ሲቆርጡት ውስጡ ስፖንጅ ይመስላል፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ደንገል ከሰው ቁመት ይበልጣል። ግንዱን በጣት ሲዳስሱት ሦስት ማዕዘን ነው፤ አናቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ጎፈሬ አለው።

ሁለተኛው፣ የነቀሉትን እዚያው ዳር ጥሎ መሄድ። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ሸክሙ ወገብ ይቆርጣል፤ ሰው ቢሰለች አይፈረድበትም። ግን ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል፣ ከቁራጩም አዲስ ተክል ያቆጠቁጣል። ሙላቱ የማይደርስበት ቦታ ወስዶ ማድረቅ ነው።

አበባ እስኪያወጣ መጠበቅም ያው ስህተት ነው፤ ካበበ ዘር ይጥላል። ዘሩ ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ታዲያ አንድ ዘመቻ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ «ጠፋ» ማለት ምን ይሉታል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ስህተት ቀለቡን መርሳት ነው። እምቦጭ እንዲህ የሚፋፋው ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ እየበላ ነው። ይህ ካልተቀነሰ ዛሬ የጸዳው ቦታ ቶሎ ይሸፈናል። ያንን ቀለብ ቀድሞ የሚሻማው ደግሞ ደንገሉ ነበር። እኛ ግን ውሃው ሲሸሽ ረግረጉን «ባዶ መሬት» ብለን እናርሰዋለን። ደንገል ሥሩ ሳይነካ ቢታጨድ መልሶ ያድጋል፤ ሥሩ ከታረሰ ግን አለቀለት። በነገራችን ላይ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማም የሚመጣው ከዚሁ «ባዶ» ከምንለው ረግረግ ነው።

አበባው አምሮ ቤት መውሰድም ይቅር፤ እምቦጭ ዓለምን ያዳረሰው ለጌጥ እየተባለ ነው። ጀልባና መረብም ወደ ሌላ ውሃ ከመግባታቸው በፊት በደንብ ይራገፉ።